ያልወጣነው የግንብ ዳገት

ባለፈው ቅዳሜ ልጃችን ሳባ የጫማ ካርቶን ታቅፋ ለንደን፣ ኤድመንተን ያለው ቤታችን መጣች። አባቷ ሐኪም ያዘዘለትን የጉልበት እንቅስቃሴ ሊሠራ መኝታ ቤት ገብቶ ነበር።

"ማሚ፣ ይሄን ትራይ አድርጊልኝ፤ ልክሽ መሆኑን ልይ" አለችኝ። ነጭ የእግር መንገድ ጫማ ነው፤ ሶሉ ወፍራም፣ ክሩ ረጅም።

"ምን ያደርግልኛል? ከዚህ ገበያ ለመሄድ?"

"ኖ ማሚ፣ ፈረንሳይ ልንሄድ ነው። ለዳዲ ሰባኛ ዓመት። ቡክ አድርጌዋለሁ። ያ ሁልጊዜ የሚያወራው ካስል የለም?"

ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ገደል ላይ የተቀመጠ ግንብ፣ ከሥሩ ወንዝ። ልጄ ደስ ሲለኝ ለማየት ትጠብቃለች፤ እኔ ግን ዓይኔ ከነጩ ጫማ ላይ አልነሣ አለ። አጎንብሼ ክሩን ማሰር ራሱ ደከመኝ። ዘንድሮ የማያደክመኝ ነገር የለም፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያ ግንብ ሥር የደከመኝ ድካም ግን ሌላ ነበር። ጠላሁት እንጂ አልረሳሁትም።

ባለቤቴ ጌታቸው አገር ቤት ሳለ ደሴ ውስጥ ታሪክ ያስተምር ነበር። የአውሮፓ መካከለኛው ዘመን ላይ ሲደርስ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ የፈረንሳይ ግንብ እያየ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይስል ነበር፤ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ክብ ክቡን ማማ ሳይቀር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?" አለችው። ክፍሉ ሳቀ። "ገና አላየሁትም" ብሎ መለሰላት። ከተጋባን በኋላ ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደነገረኝ እንጃ። ሌላ ሰው ቢሆን በማግሥቱ ይረሳታል። እሱን ግን ከነከነችው። አንድ ቀን ሄጄ ድንጋዩን በእጄ እነካዋለሁ ይል ነበር፤ ለራሱ ሌላ ነገር ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም።

ተሰደን ለንደን ስንገባ መምህርነቱ ቀረ። እሱ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሸከማል፤ እኔ ጎህ ሳይቀድ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ክላፋም ውስጥ አረጋውያን አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ግን ባቡር ውስጥ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጌታቸው በበኩሉ ከሥራ ሲወጣ ሠፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት እየገባ ያንን ግንብ ፈልጎ አገኘው። ስሙን፣ ወንዙን፣ የሚደርሰውን አውቶቡስ ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈ። ክሮይደን የስደተኞች ቢሮ ተሰልፈን የጉዞ ሰነድ ባወጣን በዓመቱ ሁለታችንም በነሐሴ የአምስት ቀን ፈቃድ አገኘን። እኔ አምስቱንም ቀን ተኝቼ ባሳልፈው ደስ ባለኝ። ፊቱን ሳይ ግን እንዴት ብዬ ልናገር?

ማረፊያችን ከሥራ ባልደረባው የተዋሰው ድንኳን ነበር። እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ሠፈር ሁለት ዓመት ድንኳን ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። "ከድንኳን ለመውጣት ስንት አገር አቋርጬ፣ ለመዝናናት ብለህ መልሰህ ድንኳን ታስገባኛለህ?" ስለው እስኪያለቅስ ሳቀ። ጎረቤቶቻችን ፈረንጆች ወንበር ዘርግተው፣ እግራቸውን ወንዙ ውስጥ ነክረው መጽሐፍ ያነባሉ። ሰው ወዶ ሜዳ ላይ ሲያድር ያየሁት ያኔ ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ምግባችን ዳቦ፣ ቲማቲምና ከመንገድ ዳር የምንገዛው ጥቁር ፕሪም ነበር። የፕሪሙ ጣዕም አሁንም አፌ ላይ አለ፤ ፀሐይ ላይ ስለሚውል ውስጡ ይሞቃል። በያለፍንበት ሁሉ የዳክዬ ጥብስ ይሸታል። ማታ ማታ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሽሮ አፍልቼ በዳቦ እንበላለን።

መንደሮቹ ቆንጆዎች ነበሩ፤ አልዋሽም። ማር የመሰለ ድንጋይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ፣ መስኮቱ ላይ አበባ ያልሰቀለ ቤት የለም። ግን ሁሉም ጫፍ ላይ ናቸው። ጠላት እንዳይደርስባቸው ነው ይለኛል ጌታቸው። ጠላት ባይደርስባቸውም እኔ በየቀኑ እየደረስኩባቸው እግሬ አለቀ። እሱ ዛፍ ላይ የተቀባውን የመንገድ ምልክት እየተከተለ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ የመንደር በር በደረሰ ቁጥር ዞሮ ያስረዳኛል፤ በተጋባን ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲያወራ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ "እህ" እላለሁ፤ ልቤ ግን የምቀመጥበትን ድንጋይ ይፈልጋል።

ግንቡን ለመጨረሻው ቀን አቆየው። አውቶቡሱ ጠዋት ከግንቡ ማዶ ካለው መንደር አወረደን። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ የአንድ ሰዓት ዳገት ነው። መመለሻው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ በማግሥቱ ወደ ለንደን ተመላሽ ነን። ቀና ብዬ ዳገቱን ሳየው እንባዬ መጣ። "መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን እንሳለም" አልኩት። እውነቱን ለመናገር መሳለሙ ሳይሆን ጥላው ነው ያማረኝ።

በዚያ ቀን የመንደሩ ሰው ከቤቱ የማይፈልገውን አሮጌ ዕቃ አውጥቶ አደባባዩ ላይ እየሸጠ ነበር። ድስት፣ መብራት፣ አሻንጉሊት፣ የማይሠራ ሰዓት። አንዲት አሮጊት የጨርቅ ምንጣፏን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ዘርግታ ባርኔጣና ጫማ ደርድራለች። እኛም እንደለመድነው ደረጃው ላይ ጫማችንን አወለቅን። ጌታቸው፣ "እዚህ አገር አይወልቅም እኮ" አለኝ፤ ግን እሱም አወለቀ። የኔ ለጉዞው የገዛሁት ነጭ ሸራ ጫማ ነው። የሱ አፍንጫው የተሰነጠቀ የመጋዘን ጫማ።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። ባዶ እግሬን ድንጋዩ ላይ አሳርፌ ተቀመጥኩ፤ ዕድሜ ልኬን እዚያ ብቀመጥ አልጠላም። ጌታቸው ግድግዳው ላይ የተጻፈ ነገር ይመረምራል። በኋላ ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩና ከመውጣቴ በፊት ቆምኩ። የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ነጩን ጫማዬን አንስታ ታገላብጣለች። ባለምንጣፏን አሮጊት አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ አሮጊቷ የራሷ ዕቃ መስሏት ይሁን ሌላ እንጃ፣ እሺ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ባለባርኔጣዋ ሳንቲም ሰጠቻት። ጫማዬን ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችው።

ከኔ አሥር እርምጃ አይርቁም። አንድ ጊዜ "ኧረ!" ብል ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ከሴትየዋ ትከሻ በላይ ዳገቱ ታየኝ።

አፌን ዘጋሁ። ሴትየዋ ከሰው ጋር ተቀላቀለች።

ጌታቸው ሲወጣ፣ "ጫማዬ የለም" አልኩት። የሱ አለ፤ ማን ይወስደዋል? ደረጃውን፣ ምንጣፉን አየ፣ እኔንም አየኝ። "ቆይ፣ ሌላ ጫማ ልፈልግልሽ" ብሎ ወደ ገበያው ሄደ። ብዙ ቆይቶ ባዶ እጁን መጣ። "በልክሽ የሚሆን አጣሁ" አለኝ።

"አንተ ሂድና እይው። እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ።"

"በባዶ እግርሽ ሰው አገር ጥዬሽ? ይቅር። ከዚህም እኮ ይታያል።"

አደባባዩ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ዳቦና ፕሪም በላን። ጭኑ ላይ ተንተርሼ ተኛሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠ እንቅልፍ ከዚያ በፊትም በኋላም አልተኛሁም። ስነቃ ጌታቸው አልተንቀሳቀሰም፣ ግንቡን ያያል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ የራሱን ጫማ አጠለቀልኝና ተረከዙ በተቀደደ ካልሲ ኮብልስቶኑን እየረገጠ እስከ አውቶቡሱ ሄደ። ሰዎች እያዩት ይሳሳቁ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ግንቡ ከኮረብታው ጀርባ እስኪገባ ድረስ አንገቱን ከመስኮቱ አልመለሰም።

ከዚያ በኋላ ልጅ መጣ፣ የቤት ኪራይ መጣ፣ ሥራ ላይ ሥራ መጣ። "በሚቀጥለው ክረምት" እያልን የጌታቸው ጉልበት መታመም ቀደመን። እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔ ዘውዴ ፈረንሳይ አገር ጫማዬን ያስወሰድኩበትን ቀን ያጫውታል፤ ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሳቅሁ። ሳቁም ያደክማል።

ቅዳሜ ዕለት ሳባ አባቷን ጠርታ ፎቶውን አሳየችው። መነጽሩን አደረገና ብዙ ጊዜ አየው። "አዎ፣ እሱ ነው" ብቻ አለ። እሷ ከሄደች በኋላ ሻይ አቅርቤለት ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"ጌታቸው፣ ያን ቀን ሴትየዋ ጫማዬን ስትወስድ እያየሁ ነበር። ዝም አልኩ።"

ሻዩን አማሰለ። "አውቃለሁ።"

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ከኋላሽ ቆሜ ነበር እኮ። አፍሽን ከፍተሽ ስትዘጊ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ገበያውን ዞሬ አጣሁ ያልከኝስ?"

"ጫማ ሞልቶ ነበር" አለ። "ምን ላድርግ፣ በጣም ደክሞሽ ነበር።"

እንደማፈርም እንደመናደድም አደረገኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዬን ተሸክሜው! "አንተም ደክሞህ ነበር በላ!" አልኩት።

"እኔ?" አለና የታመመ ጉልበቱን በእጁ አሻሸ። "የለም፣ እኔ ያኔ አልደከመኝም ነበር።"

ሻዩን ጠጣ፤ ብርጭቆውን አነሣሁ።

ጉዞው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሳባ መኪና እስከ በሩ ይወጣል ብትልም፣ ከበሩ ወዲያ ደረጃ መኖሩን ጌታቸው ከዚያ ደብተሩ ላይ አንብቦልኛል። ድንጋዩን በእጁ እስኪነካ አንድ ሰው ሊደግፈው ይገባል። ስለዚህ ነጩ ጫማ እንዲለምደኝ በየማለዳው አጥልቄው እስከ አውቶቡስ ጋራዡ ደርሼ እመለሳለሁ። ስመለስ እግሬ ያብጣል፣ ወገቤ ይያዛል። ጌታቸው በር ከፍቶልኝ፣ "ደከመሽ?" ይለኛል።

"ኧረ ምንም" እለዋለሁ።