የወንዶቹ ክፍል ልኬት

ባለፈው ሐምሌ የልጅ ልጄ ከስቶክሆልም በስተምሥራቅ፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ባሕሩ ውስጥ ወደቆመው አሮጌ የባሕር መታጠቢያ ቤት ወሰደችኝ። ደጁ ላይ ቆሜ፣ የወንዶቹ ክፍል ከሴቶቹ በሁለት ስንዝር ያጥር እንደነበር ነገርኳት። እንዴት እንዳወቅሁ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ። በዚያ ጫጫታ መካከል መመለስ ስላልተመቸኝ በጽሑፍ እመልሳለሁ።

ወደ ጉዳዩ የገባሁት እንዲህ ነው። ስደተኛ ሆኜ በመጣሁ በአራተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ በተማርኩት የንድፍ ሙያ ኮሙን በሚሉት በአንድ የማዘጋጃ ቤት የሕንፃ ክፍል ለስድስት ወር ሙከራ ተቀጠርኩ። የመታጠቢያ ቤቱ ባለቤት፣ ከውስጡ የቀረ ጥንታዊ ነገር የለም ብሎ ሊያፈርሰው ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ቤቱን እንድለካ አለቃዬ ወይዘሮ ኢንግሪድ ላኩኝ።

ነሐሴ አጋማሽ ነበር። ከመካከለኛው ማማ ቀኝና ግራ ሁለት ክንፎች ተዘርግተዋል፤ ቀኙ ለሴቶች፣ ግራው ለወንዶች። የጣሪያው ጠርዝ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል። በወለሉ ሳንቃዎች ክፍተት ጥቁሩ ውሃ ሲላወስ ይታያል፤ አየሩ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። የሴቶቹ ወገን ገና ስላልተከፈተ እያንዳንዱን ማዕዘን ለካሁ። በወንዶቹ በኩል ባስቱ የሚሉት የሙቀት ክፍል በር ላይ ስደርስ ግን፣ በመስኮቱ የታዩኝ ሽማግሌዎች እንደተወለዱ ነበሩ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰዎችን ራቁታቸውን ማየት ለእኔ ነውር ነው። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተመለስኩ። ሁለቱ ክንፎች መንትያ ናቸው ብዬም የሴቶቹን ልኬት ለወንዶቹ ገለበጥኩና ፈረምኩ።

ስዕሉን ዓርብ ካስረከብኩ በኋላ እረፍት አጣሁ። ቅዳሜ ያለ ጉዳይ በአረንጓዴው መስመር ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ሄሰልቢ ሄጄ፣ ከጣቢያው ሳልወጣ ተመለስኩ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በዓይኔ እለካ ነበር። ብናገር ሥራዬን፣ ዝም ብል ስሜን ላጣ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለወይዘሮ ኢንግሪድ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስዕሉን አገላብጠው አዩት።

«ሳልጠይቅህ ነገርከኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ሂድና ለካው።»

የባስቱው ደንብ ልብስ አይፈቅድም። ሜትሬን፣ እርሳሴንና ወረቀቴን ብቻ ይዤ ገባሁ። ከላይኛው ርብራብ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«የምትለካው ግድግዳውን ብቻ ከሆነ ግባ።»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የብረት ሜትሩ በሙቀቱ ግሎ እጅ ያቃጥል ስለነበር፣ አዛውንቱ የተቀመጡበትን ፎጣ ስበው ጫፉን በእርሱ ያዙልኝ። እስክንጨርስ ድረስ አብረውኝ ቆሙ። ወረቀቱን ላቤ ስላራሰው ቁጥሩን በቃላቸው ይዘው ደጅ ድረስ አደረሱልኝ። ሦስት ጊዜ ለካን፤ ሦስቱንም ጊዜ ሁለት ስንዝር ጎደለ።

የጎደለው፣ በኋላ ዘመን ግድግዳውን ከሸፈነው ሳንቃ ጀርባ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያዎች ሳንቃውን ሲነቅሉ፣ የመጀመሪያው ግድግዳ የማዕበል ቅርጽ እንደተፈለፈለበት፣ አረንጓዴ ቀለሙም ሳይለቅ ተገኘ።

በዚያው መሥሪያ ቤት ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ያልቆምኩበትን ክፍል ልኬት ዳግመኛ አልጻፍኩም። ዛሬም እጄ ሥራ ሲፈታ ጠረጴዛውንም መስኮቱንም በስንዝር ይለካል፤ ያ የሁለት ቀን ጭንቀት ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ አይመስለኝም። ባለፈው ሐምሌም የልጅ ልጄ ስትዋኝ እኔ ያንን ግድግዳ ስዳብስ ቆየሁ። የማፍረሱ ጥያቄ ውድቅ ሆኖ ቤቱ በቅርስነት እንዲጠበቅ የተወሰነው አዲሱ ዓመት እንደገባ፣ ሐሙስ፣ መስከረም ዐሥራ ሰባት፣ የመስቀል ዕለት ነው።