ጤነኛ እግር ላይ የታሰረ ፋሻ

ባድሜንተን የሚባለውን ጨዋታ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ጥቂት በነበረበት በደርግ ዘመን፣ ሦስት ወዳጅ አገሮች ለቡድን ውድድር ተጫዋቾቻቸውን ወደ እኛ ላኩ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተገኝቼ አቀባበሉን የዘገብኩት እኔ ነኝ። የመንግሥት ጋዜጣ የስፖርት ዘጋቢ ነበርኩ። በሥራ ዘመኔ በጻፍኩት ዜና ላይ አንድም ጊዜ እርማት ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ውድድሩ የተካሄደው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። የሚመቱት ላባ ቀላል ስለሆነ ትንሽ ንፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ የመስኮቶቹ ስንጥቅ ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ነበር። ተመልካቹ ከየቀበሌው በስም ጥሪ የመጣ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ።

«የዶሮ ላባ ነው?»

«የዝይ ነው አሉ።»

«ሥጋዋን ማን በላው ታዲያ?»

«ዝም በል፤ እንግዶች አሉ።»

አንድ ግጥሚያ አምስት ጨዋታ ነበረው። ሦስቱ የወንዶች፣ አራተኛው የወንድና የሴት ጥንድ፣ የመጨረሻው የሴቶች ነጠላ ነው። ለነጠላው የተመዘገበችው የእኛ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፈታ ገርጂ አጎቷ ቤት ተቀምጣለች። ከሦስቱ ጨዋታዎቿ ሁለቱን ካሸነፈች ለስፖርት ትምህርት ውጭ አገር እንደምትላክ የቡድኑ ኃላፊ ቃል ገብቶላታል። ኃላፊው ስለ ራኬት ምንም የማያውቅ ካድሬ ነው፤ ቃሉን ግን በጽሑፍ ሰጥቷታል። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛው ስትዞር አይቻለሁ።

ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ቃለ መጠይቅ አደረግኩላት። እንደ ልማዴ «ስም ከነአያት» አልኳት። የአጎቷንና የአጎቷን አባት ስም ነገረችኝ። ቢሮ ሄጄ መዝገቧን ሳይ፣ ከፎርሙ ጀርባ የተያያዘው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዋ ሌላ የአባት ስም፣ ሌላ የአያት ስም ይዟል። ኃላፊው ፎርሙን ፈርሟል እንጂ ጀርባውን አላገላበጠም። እኛ አገር አጎት ያሳደገው ልጅ በአጎቱ ስም መጠራቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ ደግሞ ሰው ከሚናገረው ሰነድ ይበልጣል እያልኩ ያደግኩ ጋዜጠኛ ነኝ። ተመልሼ ልጠይቃት ይገባ ነበር። አልጠየቅኳትም። ሦስቱንም ስም ከማስረጃው ላይ ገለበጥኩ።

ጋዜጣው የወጣው በውድድሩ መክፈቻ ጠዋት ነው። አባቷ በንጉሡ ጊዜ የአውራጃ ገዥ የነበሩ፣ አብዮቱ ሲመጣ ሸፍተው ጫካ የገቡ ሰው ናቸው። ስማቸው ብቻውን ቢጻፍ የብዙ ሰው ስም ነበር። ከነአባታቸው ሲጻፍ ግን የሳቸው ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ ኃላፊው ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባ። ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ የሽፍታ ልጅ መሆኗን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«ማስረጃዋ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት።»

«እኔን ሳትጠይቅ።» ወደ እሷ ዞረ። «አትጫወቺም። ስምሽን እንዳልሰርዝ ዝርዝሩ እንግዶቹ እጅ ገብቷል። ስለዚህ እግርሽን ተጎድተሻል። ቱታሽን ለብሰሽ ትቀመጫለሽ።»

የቡድኑ ወጌሻ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። «የትኛውን እግር ልሰር?» ብለው ጠየቁ።

ኃላፊው ልጅቷን አያት። «ስትዘይ የምትነሺበት የቱ ነው?»

«ቀኙ።»

«ቀኙን እሰር» አላቸው።

ሽማግሌው ተንበርክከው ፋሻውን ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ባቷ ጠመጠሙት። «ጠበቀብሽ፣ ልጄ?»

«አይ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ላጥብቀው። ላላ ያለ እንደሆነ ያስታውቃል።»

የዚያን ቀን የሴቶቹ ነጠላ በፎርፌ አለፈ። ሁለት ጨዋታ ቀራት፤ ሁለቱንም ብታሸንፍ ቃሉ አልፈረሰም። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ኃላፊውን ለምኜዋለሁ። ነገ ጋዜጣው ስሙ የወጣው በስህተት ነው ካለ ያጫውተኛል።»

«ስህተት አይደለማ።»

«አይደለም። ግን ነው ይበሉልኝ።»

«አባትሽ አይደሉም ብዬ ልጻፍ?»

«እሳቸው አይቀየሙም። ጋዜጣ የሚደርስበት ቦታ አይደሉም።»

እርማት የሚወጣው ስህተት ሲኖር ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ለጀማሪ ዘጋቢ ሥራ እንደማስተምር ነበር የምናገረው።

«ሁለት መስመር እኮ ናት፣ ጋሼ።»

«የመስመሩ ቁጥር አይደለም ጉዳዩ።»

ዋና አዘጋጁን እንኳን አልጠየቅኩም። ብጠይቀው እሺ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ የባሰም አትመን እናውቃለን።

በማግስቱ የእኛ ወንዶች ሳይታሰብ ጥሩ ተጫወቱ። አራቱ ጨዋታዎች ሁለት ለሁለት አለቁ። አሸናፊውን የሚለየው የሴቶቹ ነጠላ ሆነ። የቀበሌው ሰው ጨዋታው ገብቶት ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር። ዳኛው የልጅቷን ስም ጠርተው ወደ ወንበራችን ተመለከቱ። ልጅቷ ኃላፊውን አየችው። እሱ ጣሪያውን ያያል።

ተጋጣሚዋ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ የእሷ እኩያ የምትሆን ልጅ ናት። ሜዳውን አቋርጣ መጣችና ከቦርሳዋ ትንሽ የቅባት ቆርቆሮ አወጣች። ከዚያ በርከክ ብላ የታሰረውን እግር በሁለት እጇ ያዘች፤ የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። የእኛዋ ዝም ብላ ታያታለች። ኃላፊው በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ያምሻል እኮ» አለ። ያኔ ፊቷን አጨማደደችና እግሯን ሳበች። እንግዳዋ ደንግጣ ተነሣች።

«ስላሳመምኩሽ ይቅርታ ትልሻለች» አለ አስተርጓሚው።

ከኋላ ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«በአንድ እግርሽም ቢሆን ሞክሪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ።»

«ተዋት። የመጣችው ለቱታው ነው።»

ሜዳ እንድትገባ የተሰጣት ደቂቃ አለቀ፤ ፎርፌ። ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። ልጅቷ ከኪሷ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ወረቀት አውጥታ ለኃላፊው ሰጠችው። ተቀበላት። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ጉዳት ብለህ ጻፍ። መረጃ ከፈለግህ ወጌሻውን ጠይቅ።»

ጠየቅኳቸው።

«ወለምታ ነው» አሉ፣ ፋሻ እየጠቀለሉ።

«ስንት ጊዜ ያስተኛታል?» የጉዳት ዜና ያለ ጊዜ ገደብ ጎዶሎ ነው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሦስት ሳምንት በለው» አሉ።

በቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በደረሰባት ወለምታ ምክንያት ለሦስት ሳምንት ከሜዳ እንደምትርቅ ጻፍኩ። አንድ ቃል ሳይነካ ወጣ።

እንግዶቹ ከሄዱ ከሳምንት በላይ ሆኖ ነበር፣ ሃያ ሁለት ጋ አውቶቡስ ስጠብቅ አየኋት። ዳቦ በፌስታል ይዛለች። ፋሻው ቆሽሿል፤ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ነው። ሰላም ካልኳት በኋላ ለምን እንደማትፈታው ጠየቅኳት።

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋዜጣ ያነባል» አለችኝ። «ስለ አባቴ የሚጠይቁኝ ነገር አለ። ጉዳቷ በመንግሥት ጋዜጣ የወጣ ነው፣ ሲሻላት ትቅረብ ብለው ለአጎቴ ነግረውታል። ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ እቀርባለሁ።»

አውቶቡሱ መጣ።

«ሦስት ወር ማለት አይቻልም ነበር፣ ጋሼ?»

«ወጌሻው ያሉኝን ነው የጻፍኩት» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ዳቦውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና እያነከሰች መንገዱን ተሻገረች።