ከወንዝ ዳር እስከ ወንድሜ አፍ

ያ ቅጠል ሲሸተኝ ቀኑ ምንም ይሁን ምን ረቡዕ ይሆንብኛል፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ አሥራ ሁለት። ባለፈው ሳምንት ሞጣ፣ በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ አንዲት እናት የልጇን ማዘዣ ወረቀት ሰጥታኝ ስታበቃ ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ቅጠል ፈታች። «አፉ ቆስሎ ነው፤ ይኼንንም ባደርግለት ይጎዳዋል?» አለችኝ። ሎሚ የተቆረጠበት ቢላዋ የሚመስለው ጠረን ባንኮኒውን ተሻግሮ መጣ። ዝም አልኩ። የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። «ምነው? ክፉ ነገር አለው እንዴ?» ስትለኝ ባነንኩና ቶሎ ብዬ መለስኩላት። ዝምታዬ እናት ሲያስደነግጥ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ቢቸና ነው። የአራት ዓመት ወንድሜ ምላሱና ድዱ ነጫጭ ቁስል ሞልቶበት፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ውኃ አልውጥም ካለ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ማንኪያ ባየ ቁጥር ያለቅሳል። በኋላ ማልቀሱ ሳይቀር ዕንባው ደረቀ። ሁላችንንም ያስፈራን እሱ ነው። የታዘዘለት መድኃኒት ቢቸና ስለጠፋ እናቴ ማክሰኞ ሞጣ ሄደች፤ እዚያው አድራ ረቡዕ ጠዋት ልትመለስ። ከቤታችን ስልክ የነበረው አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ለሥራ ርቆ ሄዷል።

እናቴ እንደወጣች ወንድሜን የምትጠብቀው አክስቴ አላስቻላትም። ለአፍ ቁስል የታወቁ አንዲት ባለመድኃኒት ነበሩ፤ ማክሰኞ ማታ ጠራቻቸው። በባትሪ አፉን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቅጠሉ ወንዙ ዳር ነው፤ የኔ ጉልበት አይደርስም» አሉ። ቀጥለው ሥርዓቱን ነገሩን። ቅጠሉ የሚቆረጠው ረቡዕ ወይም ዓርብ ጠዋት ነው። የቆረጠው ሰው ቅጠሉ ከታመመው አፍ እስኪገባ ድረስ አንዲት ቃል ከተነፈሰ መድኃኒቱ ይሞታል። ሰላምታም ቢሆን።

«እኔማ አልችልም፤ መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው የለም» አለች አክስቴ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺስ?»

«እሷማ! እሷ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል እንደቆረጠች ናት።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ኮራሁ። ዝምተኛነቴ ለአንድ ነገር ሲፈለግ የመጀመሪያው ነበር።

ረቡዕ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ። ሣሩ ጤዛ ነበረው፤ ጫማዬ ውስጥ እግሬ ረጠበ። ቅጠሉን እንደነገሩኝ ከትልቁ ድንጋይ ሥር አገኘሁት። ሰባት ቆርጬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩና ከንፈሬን ገጠምኩ። ስመለስ እህል የጫኑ አህዮች የሚነዱ ሁለት ጎረቤቶቻችን አገኙኝ።

«እንደምን አደርሽ!» አለች አንደኛዋ። ዝም። «ኧረ ይቺ ልጅ! አፏን እቤት ረስታው ወጣች?»

«ተያት፤ እሷ ቃል የምታወጣው ለዓመት በዓል ብቻ ነው!» አለች ሌላዋ።

ሳቃቸው ከኋላዬ ብዙ ተከተለኝ። ይህን ማለፍ ከቻልኩ ሁሉንም አልፋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ የእግር መንገዱ ከመናኸሪያው ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደረስኩ። እናቴ ፊት ለፊቴ እየመጣች ነበር፤ በእጇ ቡናማ ብልቃጥ ይዛለች።

«ልጄስ?» አለችኝ።

በእኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው ቤቱ እስኪደርስ የሚያውቁት ዝም ብለው ዓይናቸውን ይሰብሩለታል። እሷም ይህን ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

«ተናገሪ እንጂ! ወንድምሽ እንዴት ነው?»

ደህና ነው ለማለት ራሴን ብነቀንቅላት ኖሮ ይበቃ ነበር፤ አሁን ሳስበው። ያን ጊዜ ግን ምልክትም ቃል መሰለኝ። አንድ ነገር ካደረግኩ ወንድሜ ውኃ ሳይውጥ የሚሞት መሰለኝ። ዓይኔ ዕንባ ሞላ፤ አቀረቀርኩ። ብልቃጡ ከእጇ ወድቆ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ሰማሁ። ጣፋጭ ሽታ ከአቧራው ውስጥ ተነሳ። እናቴ መንገዱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ወይኔ ልጄን!» ብላ ስትጮኽ ጥያት ሮጥኩ።

ቤት ሲጠብቁኝ የነበሩት ባለመድኃኒት ቅጠሉን አሽተው ጭማቂውን የወንድሜ ምላስ ላይ አደረጉ። አሁን መናገር እችል ነበር፤ የሚወጣ ቃል ግን አጣሁ። እናቴ የሚያለቅሱ ሴቶች ተከትለዋት ገባች። ወንድሜ በአክስቴ ጭን ላይ ያቃስታል። ቆማ አየችው፣ ቀርባ ደረቱን ዳሰሰች፣ ከዚያ ዞራ በጥፊ አፌን መታችኝ።

«አፍ የለሽም?»

ከንፈሬ ከጥርሴ ጋር ተጋጭቶ ደም ቀመስኩ።

«ተይ እንጂ ልጄ፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አሉ ባለመድኃኒቷ።

«እርስዎም ይተዉኝ!»

ወንድሜ ቀኑን ሙሉ አልጠጣም። ዛሬ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ለእናቶች የምነግረውን ያን ቀን አላውቅም ነበር፤ እንዲህ ያለ ቁስል ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይደርቃል፣ ልጅን የሚጥለው የውኃ እጦቱ ነው። ያን ቀን የማውቀው ብልቃጡን የሰበርኩት እኔ መሆኔን ነው። ቅጠሉ ካልሠራ ደግሞ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። እናቴ አላናገረችኝም። ሲመሽ ለአክስቴ «ነገ ሞጣ እመለሳለሁ» ስትል ሰማኋት። የከንፈሬ ቁስል ጨው ሲነካው ያቃጥል ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ጠዋት ስነቃ እናቴ ወጥታለች። ወንድሜ ተቀምጦ ያየኛል።

«ውኃ» አለ፤ ድምፁ ሻክሯል።

ብርጭቆውን ያዝኩለት። አንዴ ጎንጨት አለና ፊቱን አጨማደደ። ደግሞ ጠጣ። ጨረሰው። ጫማም ሳላደርግ ሮጥኩ።

የሞጣው መኪና ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል። እናቴ በመስኮቱ ስሮጥ አየችኝ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምን እንዳሰበች ገባኝ። እስክትጠይቀኝ አልጠበቅኩም፤ ገና ከመናኸሪያው በር ጮህኩ።

«እማ! ጠጣ! ሙሉ ብርጭቆ ጠጣ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደግሜ ጮህኩ።

ሰው እየገፋች ወረደች። ያበጠውን ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ነካችው።

«ያምሻል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ራሴን ነቅንቄ አቀረቅር ነበር።

«ያመኛል፣ እማ» አልኳት።