ኡሌን የጋረድንበት ሻርፕ

ዛሬ ጠዋት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የሱፍ ሻርፕ በስልሳ ዲግሪ አጠብኩ። በስደት ካረጀሁበት ከተማ ዳር፣ ሪንከቢ በሚባል ሰፈር፣ ከምኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት፣ ተራ ይዘን ልብስ በምናጥብበት ትቬትስቱጋ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ ቁጥሩን በግምት አዞርኩት። ማሽኑ ሲከፈት የእርጥብ ሱፍ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ስምንት ስንዝር የነበረው ሻርፕ ሦስት ስንዝር ሆኖ ወጣ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ችግሩ ሻርፑ የእኔ አይደለም፤ የእትዬ ብሪታ ነው።

እትዬ ብሪታ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ ከተማ ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ባላቸው የሞተባቸው መምህርት ናቸው። በስሜ ብቻ ጥራኝ ቢሉኝም አፌ እምቢ ስላለ «እትዬ» አልኳቸው፤ ማዕረግ መስሏቸው በደስታ ተቀበሉት። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ጎን፣ በመስታወት ሣጥን፣ እንደ ተጠቀለለ መቀነት ተኝቶ የሚውል ኡሌ የሚባል መርዝ የሌለው እባብ ነበራቸው። የባላቸው ነበር። ባልየው ከሞቱ ወዲህ ምግብ እምቢ ብሎ ሦስት ወር ሆኖት፣ ክብደቱ በየሳምንቱ ይቀንሳል። ለዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሊገቡ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙና፣ «አንተ ከአፍሪካ ነህ፤ ታውቅበታለህ አይደል?» አሉኝ። ቂርቆስ አስፋልት ላይ ያደግሁት፣ እባብ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በቀር አይቼ የማላውቀው እኔ፣ «በሚገባ» አልኩ።

«ስመለስ ቤት የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነው» ብለው ወጡ።

ውሸቴን ይዤ ከኡሌ ጋር ተፋጠጥን። ለእሱ ተብላ የተገዛች፣ በረዶ የሆነች አይጥ ከፍሪዘር፣ ከአተሩ ጎን፣ አወጣለሁ፤ በሞቀ ውሃ ነፍስ የዘራች እስክትመስል አለሰልሳለሁ፤ በረጅም መቆንጠጫ ይዤ አፍንጫው ሥር አደርሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማውቀው የማስተናገድ ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ በሞቴ፣ እኔ ልሙት፣ አንዲት ብቻ፣ እያልኩ በአማርኛ እለምነዋለሁ። ኡሌ ግን ሠርግ ላይ ሳይከበር እንደቀረ አማች አንገቱን ያዞርብኛል። መሸሽም አይሸሽ፤ በቃ ይንቀኛል።

በአሥረኛው ቀን የደሴው ጓደኛዬ ሰይድ መጣ፤ እባብ አለ ስለተባለ ጫማውን ሳያወልቅ ከደፍ ወዲያ ቆመ።

«እንዲህ ፊቱ ተገትረህ ነው ብላ የምትለው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዓይንህ ነው የከለከለው ሰውዬ። ጋርደው።»

ይቀልድ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔ ግን በአንድ ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ሆንኩ። እኔም ምግብ እምቢ ባይ ነበርኩ፤ ጎረቤት እየገባ «ይኼ ልጅ አሁንም አይበላም?» ሲል ጭራሽ አፌን ግጥም አድርጌ እዘጋለሁ። ያኔ እናቴ፣ የሰው ዓይን እንዳይበላኝ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ትጋርደኛለች። በዚያ ነጭ ጥላ ውስጥ፣ የሚያየኝ ሲጠፋ፣ የቀረበልኝን ሁሉ ጠርጌ እበላ ነበር።

ከወንበር ላይ የእትዬ ብሪታን ሰማያዊ ሻርፕ አነሳሁና፣ አይጧን አስቀምጬ፣ ሣጥኑን ዙሪያውን ጋረድኩት። ጀርባችንን ሰጥተን፣ እኔ ሶፋ ላይ ሰይድ በር ላይ፣ ሐዘንተኛ ይመስል በሹክሹክታ አወራን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጫፉን ገለጥ ሳደርግ ከኡሌ አፍ ውጭ የቀረችው የአይጧ ጅራት ብቻ ነበረች። ሰይድ ከነጫማው ዘሎ ገብቶ አቀፈኝ።

እትዬ ብሪታ በክራንች ተመልሰው ኡሌን ሲመዝኑት አለቀሱ። እንዴት እንደቻልኩ ሲጠይቁኝ «የአገራችን ዘዴ ነው» አልኳቸው፤ ስለ እባብ የነገርኳቸው ብቸኛው እውነት ይኸው ነው። አይጥ አይጥ የሸተተውን ሻርፕ ግን ሳያዩብኝ አጥቤ ልመልስ ብዬ ክፍሌ ደበቅሁት። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ከዚያ ቤት ቀየርኩ፣ ከዚያ አርባ ዓመት ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ኡፕላንድስ ቬስቢ፣ የአረጋውያን ቤት፣ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ቀልዳቸው ግን እንዳለ ነው። ሳህናቸውን ሳይነኩ ገፋ አድርገው፣ «ሰው ሁሉ ሲያየኝ መዋጥ ያቅተኛል፤ እንደ ኡሌ ሆኛለሁ» ብለው ሳቁ። ሻርፑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አጥቤ ልወስድላቸው፣ ሲበሉም ልጋርዳቸው አሰብኩ።

ለሰይድ ደውዬ ሻርፑ ዛሬ የደረሰበትን ስነግረው ሳቁ አላስወራው አለ። «ሦስት ስንዝር ለኡሌም አይበቃው» አለኝ።

እትዬ ብሪታን በጋቢዬ እጋርዳቸዋለሁ፤ ለቅዳሜ አጣጥፌ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ። የተረፈውንም ሻርፕ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። አምስቱ ስንዝር ግን አሁንም አለብኝ።