በሶዶ በኩል

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት የማስተምራቸው ልጆች በረንዳው ላይ ተኮልኩለው ሲከራከሩ ሰማኋቸው። አንዷ የአንድ ተዋናይ ስም ትጠራለች፣ ሌላው የሌላ ይጠራል። ከዚያ ሁለቱን በፊልም በፊልም እያያያዘ የሚያገናኝ ይፈለጋል፤ እሱ ከእሷ ጋር ሠርቷል፣ እሷ ደግሞ ከዚያኛው ጋር፣ እያሉ። መያያዣው ሲጠፋባቸው አንዱ ልጅ «በሶዶ በኩል ሞክሪው!» ብሎ ጮኸ። ጨዋታው ከውጭ አገር የመጣ ነው የሚል አለ፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎች የፈጠሩት ነው የሚልም አለ። ሶዶ የአንድ የድሮ ተዋናይ ስም እንደሆነ ግን ሁሉም ተስማሙ። ልናገር አፌን ስከፍት ደወሉ ተደወለ።

በውጭ አገር ምን እንደሚጫወቱ አላውቅም። የእኛው የት እንደተጀመረ ግን አውቃለሁ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ እኛ ቤት፣ አባዬ እግሩ ተሰብሮ በተቀመጠበት የዝናብ ወቅት ነው።

አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የአሠሪውን የሐጂ ከድርን አይሱዙ ይዞ ከከተማው ወጣ ካለችው ከላንቴ ሙዝ ይጭንና አዲስ አበባ ያራግፋል፤ ሲመለስ ሳሙናና ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል። የዶርዜ ልጅ ነው። አባቱም ወንድሞቹም ሸማኔዎች ናቸው፤ እሱ ግን እግሩን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ገና በልጅነቱ አልሆነለትም። «የጠላሁት ክሩን አይደለም፣ መቀመጡን ነው» ይለን ነበር። ቤት ሲመጣ እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። እማዬ ኩርኩፋ ስታቀርብለት ሳህኑን ይዞ በሩ ላይ ይቆምና የበቆሎውን ድብልብል ከነሽፈራው ቅጠሉ እየጎረሰ ሰማዩን ያያል። ዳመናውን አይቶ የትኛው ወንዝ መንገድ እንደሚዘጋ ይገምታል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው በሚያዝያ ዝናብ፣ የሙዝ ጭነት ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያስር አዳልጦት የወደቀው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ሐኪሙ ጄሶውን አስሮ ሲጨርስ፣ አጥንቱ ሳይገጥም ከረገጠበት እግሩን ሊያጣው እንደሚችል እኔና እማዬ እየሰማን ነገረው።

እማዬ ገበያ ስለምትውል እሱን የመጠበቁ ነገር ለእኔ ወደቀ። የመምህራን ኮሌጅ ጨርሼ ምደባ እጠብቅ ነበር። ከዚያ ቤት ያውጣኝ እንጂ የትም ቢልኩኝ ግድ አልነበረኝም። እንግዲህ መቀመጥ ያቃተን ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘጋን። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ዝናቡ መጥቶ ይደበድበዋል፣ ከዚያ ደግሞ ሙቀቱ ይመለሳል። አባዬ ከአስፋልቱ የሚመጣውን የሞተር ድምፅ እየሰማ የማን መኪና እንደሆነ ይናገራል። ሲነዳት የኖረው አይሱዙ በቆመችበት በግቢያችን በኩል ዞሮ ማየት ግን አይፈልግም።

ፊልም መከራየት የጀመርኩት እሱን ለማረጋጋት ነበር። ያኔ ሲዲ ማከራያ ቤቶች በየጥጉ መከፈት ጀምረዋል፤ የአማርኛ ፊልሙ ግን ጥቂት ስለነበር ቶሎ አለቀብን። ያየነውን መድገም ጀመርን። አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ድንገት ስክሪኑ ላይ ጠቆመ።

«ይቺ ሳቂታ ባለፈው የከሲታው ሰውዬ ሚስት አልነበረችም?»

«ነበረች።»

«ከሲታው ደግሞ የዳኛው ወንድም ሆኖ ሠርቷል።» ከትራሱ ቀና አለ። «እንግዲህ ከሳቂታዋ ተነሥተሽ ዳኛው ጋ ለመድረስ በየት በኩል ትሄጃለሽ?»

«የምን መሄድ ነው አባዬ?»

«መንገድ ነዋ! አንድ ፊልም ላይ አብረው ከታዩ መንገድ አለ ማለት ነው። ብዙ ከተማ ሳያቋርጥ የደረሰ አሸነፈ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም ሲያልቅ ማጥፋት ቀረ፤ የፊልሙን ሠራተኞች ስም እስከ መጨረሻው እናነብ ነበር። እንደዚያም ሆኖ በስማቸው አንጠራቸውም፤ እኛ ያወጣንላቸው ስም ይጣፍጠናል። በብዙ ፊልሞች ላይ ለአፍታ ብቅ የሚል አንድ ሰው ነበር፤ አንዱ ላይ ዘበኛ፣ አንዱ ላይ ሐኪም፣ ሌላው ላይ ሚዜ። መንገድ ሲጠፋን በእሱ በኩል እናልፋለን። አባዬ «ሶዶ» አለው። የአርባ ምንጭ ሹፌር ወደ ሻሸመኔም ይሂድ ወደ ሆሳዕና፣ ሶዶ ከተማን ሳይረግጥ አያልፍም ነበርና።

ቤታችን ሰላም ያገኘ መሰለኝ። ከዚያ ሐጂ ከድር ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ መኪናዋን ዳዊት ለሚባል ወጣት ሹፌር መስጠታቸውን ነገሩት። «ሙዝ አይጠብቅም፣ ኦይቻ» አሉት በስሙ ጠርተው። «ልክ ነዎት ሐጂ» አላቸው አባዬ። የዚያን ቀን ፊልም ብከፍትለትም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ሲዲ መልሼ ስመጣ አባዬ የሚቀመጥበት ወንበር ባዶ ነው። ክራንቹም የለም። ጎረቤታችን በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሲሄድ አይታዋለች። የት እንደሚሄድ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም፤ ሚኒባስ ተሳፍሬ ላንቴ ወረድኩ።

ጫኞቹ ሥራ አቁመው ቆመዋል። የአይሱዙዋ ሞተር ተነሥቷል፣ አባዬ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ዳዊት ከታች ሆኖ፣ «እህቴ፣ ጋሽ ኦይቻን ውረዱ ማለት ከበደኝ» አለኝ።

በሌላው በር ወጣሁ። አባዬ በላብ ተጠምቋል።

«በዚህ እግር ፍሪሲዮኑን መርገጥ አቃተኝ» አለ፣ ሳያየኝ።

«ይድናል አባዬ። ና እንውረድ።»

«ወርጄስ? ያ ወንበር ላይ?»

«ከሳቂታዋ ተነሥተን…» ብዬ ጀመርኩ።

መሪውን በመዳፉ መታው። «አሁን ጨዋታ አማረሽ? እንድቀመጥልሽ ስታባብይኝ እንደከረምሽ የማላውቅ መሰለሽ?»

እንባዬ መጣ። «እኔም እኮ መቀመጥ አቅቶኛል» አልኩት። «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ። አንተ እግርህን ካጣህ ግን እንዴት ትቼህ እሄዳለሁ?»

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነበር። አባዬ ዞሮ አየኝ። ሞተሩ እየተርገፈገፈ ሁለታችንንም ያንቀጠቅጠናል። ቁልፉን አዞረና አጠፋው።

«ዳዊት» ብሎ ተጣራ በመስኮቱ። «ና ወዲህ። ሁለተኛ ማርሽዋ ስትቸኩልባት ትነክሳለች። ቁልቁለት ላይ ፍሬኗን ብቻ አትመን።» ቁልፉን አውጥቶ ሰጠው። ጫኞቹ ተቀባብለው አወረዱት።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሁላችንም ሙዝ የሚከማችበት ዳስ ሥር ተጠጋን። ዳዊት «ቅድም የምን ጨዋታ ነው ያላችሁት?» አለኝ። ለመመለስ ፈራሁ። አባዬ በተሰበረ ድምፅ ራሱ ያስረዳው ጀመር። ጫኞቹ በጋሞኛም በአማርኛም እየተንጫጩ ገቡበት፤ አንዱ «ዳኛው ጋ በየት በኩል ነው?» ሲል ሌላው ተሳስቶ ይመልሳል። ዝናቡ ሳያባራ አባዬ ይቆጣቸው ጀመር፤ «እዚያ ፊልም ላይ የለችም! መንገዱ ዝግ ነው፣ በሶዶ ዙር!» እያለ።

እግሩ ድኗል፣ ትንሽ ያነክሳል እንጂ። ረጅም መንገድ ግን ዳግመኛ አልነዳም። ሐጂ ላንቴ ላይ ጭነት ተቆጣጣሪ አደረጉት፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። እኔም ምደባዬ መጣልኝና ሄድኩ። ጨዋታውን ዳዊትና ጓደኞቹ በየመንገዱ ይዘውት ሳይዞሩ አልቀሩም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሐዋሳ መናኸሪያ ውስጥ፣ የማላውቃቸው ረዳቶች ተሳፋሪ እየጠበቁ ሲጫወቱት ሰምቻለሁ።

ያኔ አባዬ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳሰላው፣ ጋቢናው ውስጥ ቁልፉን አውጥቶ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ዛሬ እኔ ካለሁበት ዕድሜ ያንስ ነበር። ለዓመታት ሞተሩን ያስጠፋው የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ሐኪሙን ፈርቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ሞተሩን ያጠፋው እኔ እንድሄድ ነው። ይህን ነግሬው አላውቅም፤ ክረምቱ ሲገባ ወርጄ ልነግረው አስቤያለሁ።