ዳማው እስኪሸነፍ

ሴት በሴት ትቀናለች፤ እኔ በፈረስ ቀናሁ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ግድ የለኝም።

ባሌ ጀርመን አገር፣ ኒደርራድ በሚባል ሰፈር፣ የፈረስ መሮጫው ሜዳ አጠገብ ጋጣ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ፈረሶቹን ያበላል፣ ይቦርሻል፣ ያንሸራሽራል። ከነሱ አንዱ፣ ግንባሩ ቦቃ የሆነ ዳማ፣ መሰናክል እየዘለሉ በሚሮጡበት ውድድር የሚስተካከለው ጠፋ። እውነቱን ልናገርና፣ ሲዘል ያምራል። ባሌ ካልሰጠው ግን አጃ አይቀምስም። አለቃው ይኼን ስላወቀ ረጅም ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍቱን ማለቴ ነው፣ ከልክሎታል።

እኔ ደግሞ እናቴ ናፍቃኛለች። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት፣ ቦናመስ በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ ሕንጻ ላይ ያሉ ያገራችን ሰዎች ሁሉ ተራ በተራ አገር ቤት ደርሰው መጡ። እኔ ቀረሁ። ባሌ «ብቻሽን ሂጂ» ይለኛል። እንዴት አድርጌ? የተጋባነው እዚሁ ነው፤ እናቴ አማቷን በዓይኗ አላየችም። ብቻዬን ሻንጣ ይዤ ብገባ ጎረቤቱ «ፈትቷት ነው» ብሎ ያወራል፣ እሷም ሰው ፊት ቀና አትልም። «እንግዲያው ዳማው ይረፍና አብረን እንሄዳለን» ይላል። የት ያርፋል! ያሸንፋል፣ አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ደግሞ ያሸንፋል።

እናቴ በስልክ «መቼ ነው?» ስትለኝ «ለሚመጣው ፋሲካ» እላታለሁ። ስንቱን ፋሲካ ዋሸኋት! ቢጨንቀኝ ለማርያም ተሳልኩ፤ ይሸነፍልኝ እንጂ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ሰዉ ዋንጫ ሲመኝለት እኔ አጥሩ ዳር ቆሜ «እመቤቴ፣ ዛሬስ?» እላለሁ። እሷም ዝም፣ እሱም አንደኛ።

አንድ መስከረም የመጨረሻውን መሰናክል ዘሎ ሲያርፍ የፊት እግሩ ከዳውና በደረቱ ወደቀ። ባሌ ልጓም ይዞ ሲሮጥ አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ስለቴ የት እንደገባ እንጃ! «ተነስ! ተነስ የኔ ጌታ!» እያልኩ ጮህኩ። ጀርመኖቹ ዞረው አዩኝ። እያነከሰም ቢሆን ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ግን አልሮጠም፤ የፈረሱ ባለቤት ኒድ በሚባል ሰፈር መስክ ላላቸው ሰዎች ሰጠው። እዚያ ሄዶ ከማንም እጅ ይበላ ጀመር፣ ጉድ እኮ ነው! ባሌ ይኼን የሰማ ቀን እራት አልበላም።

ለገና አገር ቤት ገባን። የእናቴ ዓይን መጥፋቱን ማንም አልነገረኝም ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ወደቅኩ፤ ልቅሶው አንቆኝ ድምፄ አልወጣ አለ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ከግንባሬ እስከ አገጬ ዳሰሰችኝ። ደግማ ዳሰሰችኝ።

«ይቺማ ትልቅ ሴትዮ ናት» አለቻት አጠገቧ ለቆመችው እህቴ። «ልጄስ? ልጄ አልመጣችም?»

ባሌ ሻንጣውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ሰማት።