ከሁለት አሮጌ ኮምፒውተር አንድ

በእህቴ ሳሎን ውስጥ አራት ሆነን ነበር። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች፤ ከፊቷ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ተከፍተው ተቀምጠዋል። እህቴ ከአጠገቧ ቆማ በሞባይሏ ታበራላታለች። የእህቴ ባል ግድግዳው ጋ ሆኖ፣ የኮምፒውተሩን ገመድ እንደያዘ፣ ሰካው እስኪባል ይጠብቃል። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ተቀመጪ ብለውኝ ነበር፤ ከወንበሩ ላይ ግን የልጄ ፊት አይታይም።

አንዱ ኮምፒውተር የእኔ ነው። ቤቴን ተከራይቶ የነበረ መምህር ሲዛወር፣ አልሠራ ስላለው ትቶልኝ ሄደ። ሌላው የእህቴ ነው፤ እሱም ከተበላሸ ቆይቷል። ልጄ ከምትኖርበት ከሐዋሳ ደውላ፣ «ያንቺን ይዘሽው ነይ፤ ከሁለቱ አንድ የሚሠራ አወጣለሁ» ስትለኝ፣ ከገሱባ ሶዶ ድረስ ታቅፌው መጣሁ። መንገዱ ስለሚያነጥር መኪናው ጣሪያ ላይ እንዲጫን አልፈቀድኩም። የሚሠራው ለማን እንደሚሆን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ግን ከመስኮቴ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ባዶ አድርጌ ነበር የመጣሁት። ስልኬ ድምፅ ብቻ ነው፤ ምስል አያሳይም። ማታ ማታ ፊቷን እያየሁ አወራታለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

አባቷ ሲሞት፣ ትምህርቱ ሶዶ ይሻላል ብዬ ለእህቴ የሰጠኋት እኔው ነኝ። እዚህ አደገች፤ እህቴን «እማ» አለቻት፣ እኔን «የገሱባ እማ»። ይህን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት እጃቸውን ነው። ልጄ ቀና ሳትል እጇን ትዘረጋለች፤ እህቴ ካቻቢቴውን ታስይዛታለች። እንደገና ትዘረጋለች፤ ላጲስ ይመጣል። ምንም አይባባሉም። ልጄ ራም የሚሉትን ትንሽ ሰሌዳ ጥርሶች በላጲስ ስትፈትግ፣ እህቴ ጎንበስ ብላ እፍ ትልላታለች።

«ላጲስ ለምኑ ነው?» አልኩ።

«ቆሻሻውን ያነሳል፣ እታለም» አለች እህቴ። የጠየቅኩት ልጄን ነበር።

ከእኔው ኮምፒውተር የሚወጣውን ሁሉ በዓይኔ ተከተልኩ። ራሙ የእኔ ነው። ሃርድ ዲስኩም የእኔ ነው። ሁሉም የሚገባበት ሳጥን ግን የእህቴ ሆነ።

«የእኔ ሳጥን ምን ሆነ?»

«ጠሟል፤ ማዘርቦርዱ አይገጥምበትም» አለች ልጄ።

«አጥብቀው አቅፈውት ነዋ» አለ የእህቴ ባል። «እንደዚያ ከታቀፈማ ልጅም ይጣመማል።»

ሳቁ። ልጄም ሳቀች።

«ሰካው፣ አባ» አለችው። ሰካው። ፋኑ ተንጫጭቶ ዞረ፣ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጨልሞ ቆየ፣ ከዚያ ነጫጭ ፊደላት ወጡ። እህቴ አጨበጨበች። ልጄ ዘወር ብላ እህቴን አቀፈቻት። ቅርብ ስለነበረች ይሆናል።

ቀጥሎ ፍላሽ ሰክታ ፕሮግራም ጫነችበት። ቆየ። ሊጨርስ ሲል የባለቤቱን ስም ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ከበሩ ተነስቼ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ልጄ አላመነታችም፤ የእህቴን ስም ጻፈች።

«የእናትሽን አትጽፊም?» አለች እህቴ ቀስ ብላ።

«ስም ብቻ እኮ ነው፣ እማ፤ ይቀየራል። ደግሞ ገሱባ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እዚህ ቢሆን እሷም ስትመጣ ታየዋለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከፋሽ እንዴ?»

«ለምን ይከፋኛል?»

«እታለም ትውሰደው» አለች እህቴ። «እኔ ምን ልሠራበት ነው?»

ይህን ያለችው ልጄ ብትሆን ኖሮ እወስደው ነበር። ልጄ የእህቴን ፊት አየች፣ የእኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ተመልሳ «ቀጥል» የሚለውን ተጫነች።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።